የዳማ ቀለብ፦ ከቄራ እስከ አሞራ ገደል

አዲስ አበባ፣ ቄራ አካባቢ

"ለሰው ነው ለውሻ?" አለኝ የሥጋ ቤቱ ወጣት። ለውሻ መሆኑን ስነግረው ከጠረጴዛው ሥር አንድ ባልዲ ጎተተ። ሳንባ፣ ጣፊያ፣ ጅማት፣ የጉሮሮ ቧንቧ፣ የጨጓራ ቁራጭና ጥቂት ሞራ ተደባልቆበታል። ዋጋው ለሰው ከሚሸጠው ሥጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። "ጋሼ፣ ጥሬውን ይስጡት። ውሻን የሚያጠነክረው ጥሬ ነው" ብሎ ከልቡ መከረኝ።

ከሳንባዎቹ አንዱን ገልበጥ አድርጌ አየሁት። ጎኑ ላይ የወይን ፍሬ የሚያህል፣ ውሃ የቋጠረ ነጭ እብጠት አለ። ሃይዳቲድ ይሉታል ሐኪሞች። ምንጩ በውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖር፣ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ትል ነው። ውሻ እንዲህ ያለውን እብጠት በጥሬው ሲበላ ትሉ በሆዱ ይራባል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ሣር ላይ ይቀራል፤ በግና ከብት ይግጡታል። ውሻውን ሲዳብስ የዋለ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ከበላ ደግሞ እብጠቱ በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል። በበዓል ቀን በየግቢያችን በግ አርደን የማንፈልገውን ሳንባ ለሰፈር ውሻ የምንወረውር ሁላችንም የዚህ ሰንሰለት አንድ ቀለበት ነን። ሰንሰለቱን ለመበጠስ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ግማሽ ሰዓት በደንብ ማፍላት ይበቃል።

ይህን ለወጣቱ ነገርኩት። አዳመጠኝ፤ እብጠት ያለበትን ሳንባ ለየብቻ አስቀመጠና የቀረውን መዘነልኝ።

ወደ ሐዋሳ የምሄደው ለሥራ ነው። ውሻዬ ዳማም አብራኝ ትሄዳለች፤ የኋላውን ወንበር ይዛዋለች። ቀይ ዳማ የሀበሻ ውሻ ናት፤ 20 ኪሎ ትመዝናለች፤ አድጋ የጨረሰች፣ ጤነኛ፣ መሮጥ የምትወድ። ከውጭ የሚመጣው ደረቅ የውሻ ምግብ ዋጋው ከዓመት ዓመት እየጨመረ ለብዙ ቤት የማይቀመስ ሆኗል። ስለዚህ በመንገዱ ላይ ያለ እያንዳንዱ ከተማ ለውሻ ምን እንዳለው እያየሁ ለመሄድ ወሰንኩ።

ቦሌ፣ ከመውጣታችን በፊት

ሱፐርማርኬት ውስጥ ሁለት ከረጢቶች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ሁለቱም 15 ኪሎ ናቸው። አንዱ ረከስ ይላል። ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው የዋጋው ወረቀት ላይ ነው። እኔ ከጀርባው ያለውን ትንሽ ጽሑፍ ነው የማነበው፤ በኪሎ ስንት ካሎሪ እንዳለው። እንደ ዳማ ያለች ውሻ በቀን ወደ 1,050 ካሎሪ ትፈልጋለች። በኪሎ 3,500 ካሎሪ ያለው ምግብ ከሆነ በቀን 300 ግራም ይበቃታል፤ ከረጢቱ 50 ቀን ያደርሳታል። 3,000 ካሎሪ ያለው ከሆነ ግን 350 ግራም መስጠት ግድ ነው፤ ያው 15 ኪሎ 43 ቀን አይሞላም። ርካሽ የመሰለው ከረጢት በቀን ሲካፈል አንዳንዴ ከውዱ ጋር ይስተካከላል፤ አንዳንዴም ይበልጠዋል።

ሌላው የማየው ነገር "ሙሉ ምግብ" የሚለውን ቃልና ለየትኛው ዕድሜ እንደተሠራ ነው። አሜሪካኖች በሚጠቀሙበት የአፍኮ መለኪያ ላደገ ውሻ ውሃው ሳይቆጠር ቢያንስ 18 በመቶ፣ ለቡችላ ቢያንስ 22.5 በመቶ ፕሮቲን ያስፈልጋል። "ከእህል ነፃ" የሚለው ማስታወቂያ አይማርከኝም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2018 እ.ኤ.አ. አተርና ምስር በብዛት የገባባቸው ከእህል ነፃ ምግቦች ከልብ ሕመም ጋር ግንኙነት ይኖራቸው እንደሆነ መመርመር መጀመሩን አስታውቋል። ምርመራው ቁርጥ ያለ ምክንያት ባያወጣም፣ ጤነኛ ውሻ ላለው ሰው ተጨማሪ ዋጋ ከፍሎ ከእህል የሚሸሽበት ምክንያት አይታየኝም።

በኪሎ ከተከፈተ ጆንያ እየተዘገነ በላስቲክ የሚሸጠውን አልገዛም። ጽሑፍ የለውም፤ መቼ እንደተከፈተ አይታወቅም፤ ስቡ አየር ሲያገኘው ይበላሻል።

ቢሾፍቱ

ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው እዚህ ነው፤ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትም እዚሁ ነው። የዶሮ እርባታውም የከተማዋ መታወቂያ ነው። አንዲት የእንስሳት ሐኪም ቀጠሮ ሰጥታኝ ነበር። ዳማን ሚዛን ላይ አወጣቻት፤ ጎድኗን ዳበሰች፤ ድዷን ገልጣ አየች።

"ዶክተር፣ ምን ልመግባት?" አልኳት።

"አሁን ምን እየበላች እንደሆነ መጀመሪያ ይንገሩኝ" አለችኝ። "ሰገራዋስ? በእጅ ለማንሳት የሚያስችል ድርቀት አለው?"

አለው አልኳት። ጎድኗ በዓይን ሳይታይ በእጅ ሲዳበስ በቀላሉ የሚቆጠር ከሆነ፣ ፀጉሯ ካበራ፣ ሰገራዋ ከጸና፣ ካላሳከካት፣ የምትበላው ተስማምቷታል ማለት ነው አለች። የከረጢቱ ሥዕል አይደለም ምስክሩ። ምግብ መቀየር ካስፈለገ ደግሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአሮጌው እየቀነሱ ከአዲሱ እየጨመሩ ነው።

ከዚያ በጣም ወደምታስብበት ነገር ገባች፤ ሽንኩርት። ክሊኒኳ ከሚመጡ ደም ያነሳቸው ውሾች መካከል ባለቤቶቻቸው "ምንም ያልተለመደ ነገር አልሰጠነውም፤ ከእኛው ወጥ ነው የሚበላው" የሚሉ አሉ። ችግሩ እዚያው ወጡ ውስጥ ነው። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል፤ መብሰሉ መርዙን አያጠፋውም፤ ነጭ ሽንኩርትም ከዚያው ወገን ነው። ውሻ በአንድ ጊዜ ከክብደቱ 0.5 በመቶ በላይ ሽንኩርት ከበላ አደጋ ላይ ነው ይባላል። ለዳማ ይህ 100 ግራም፣ አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ነው። ሥጋ ወጥም ሽሮም የሚሠራው ሽንኩርት ቀልጦ እስኪጠፋ ድረስ ተቁላልቶ ስለሆነ ከአንድ ጭልፋ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ማንም አይገምተውም። ከሆቴል በፌስታል የሚመጣውን ቡሌ ለውሻ የሚገዙ ሰዎች በርካሽ አገኘን ይላሉ፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምፈራው እሱን ነው። በውስጡ ሽንኩርቱ አለ፣ ጨው አለ፣ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት አለ። የበሰለ አጥንት እንደ ስንጥር እየተሰበረ አንጀት ይወጋል።

እንጀራው ራሱስ? ምንም አይልም አለች፤ ባዶውን እስከሆነ ድረስ። ውሻ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ወዲህ ስታርች የመፍጨት ችሎታው ከተኩላ በልጧል። በ2013 እ.ኤ.አ. ኡፕሳላ ያሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ውሻ ስታርችን የሚፈጭ ኢንዛይም የሚሠራውን ዘረመል ከተኩላ በብዙ እጥፍ እንደያዘ አሳይቷል። ቂንጬ፣ ሩዝ፣ የበቆሎ ገንፎ፣ ድንች፣ ሁሉም በደንብ ከበሰለ ይሆናል። የሻገተ በቆሎና የሻገተ ዳቦ ግን ፈጽሞ አይሰጥም፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ጉበት ያጠፋል።

የዶሮ መኖ ርካሽ ስለሆነ ለውሻ የሚሰጥ ሰው እንዳለም ነገረችኝ። ለጫጩት መኖ የሚጨመሩ እንደ ሞኔንሲን ያሉ መድኃኒቶች የውሻን ጡንቻና ነርቭ ይመርዛሉ። ከዶሮ ቤት የሚወሰደው ሌላ ነገር ነው፤ የተሰነጠቀ እንቁላል። በትኩሱ ገዝቶ ቀቅሎ መስጠት ለባለ ውሻ ትልቅ ዕድል ነው። ቅርፊቱም አይጣልም። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደ ዱቄት ከተፈጨ የአንድ እንቁላል ቅርፊት ወደ ሁለት ግራም የሚጠጋ ካልሲየም ይወጣዋል። አጥንት በሌለው የቤት ምግብ ውስጥ የሚጎድለው ዋናው ነገር ይኸው ነው።

ከቄራ የገዛሁትን አሳየኋት። ብዕሯን አንስታ ለአንድ ቀን የሚሆነውን ጻፈችልኝ፦ 150 ግራም ደረቅ ቂንጬ፣ 300 ግራም ሳንባ ወይም ጅማት የበዛበት ሥጋ፣ 30 ግራም ጉበት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ ካሮት፣ ከሻይ ማንኪያ ግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ የእንቁላል ቅርፊት ዱቄት። ጉበቱ እንዳይበዛ አጥብቃ ተናገረች፤ በየቀኑ በብዛት ከተሰጠ ቫይታሚን ኤው ይጎዳል። "ይህን ብቻ ዓመቱን ሙሉ እንዳይሰጧት" አለች። "ዚንክ፣ ቫይታሚን ኢ፣ አዮዲን ይጎድለዋል። ግማሹን ከከረጢት፣ ግማሹን ከድስት ያድርጉት። ሁለቱም ግማሽ መሆኑን አይርሱ፤ ከረጢቱን ሙሉ ሰጥተው ድስቱን የሚጨምሩ ሰዎች ውሻቸው ይወፍርባቸዋል።"

ለአቅማችን የሚሆነው ቀለብ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ከረጢቱ ሁለት እጥፍ ይቆያል፤ የድስቱ ጉድለትም ይሸፈናል።

ሞጆ

ናፍጣ ለመቅዳት ብቻ ቆምን። ዳማ ውሃ ጠጣች።

ባቱ

ዝዋይ ሐይቅ ዳር አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ተደርድረው የዓሣ ሆድ ዕቃ ይጠብቃሉ። ሴቶቹ የቆሮሶ ዓሣውን ሥጋ ከአጽሙ ይለያሉ፤ ጭንቅላቱና አጽሙ በየክምሩ ይቀራል። ዓሣ የሚገፍፉ አንዲት እናትን "እማማ፣ ይሄን ለውሻ ይሸጡልኛል?" ብላቸው ቀና ብለው አዩኝ። "ልጄ፣ ይሄስ ይሸጣል? ውሰድ" አሉ። "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ጥቂት ሳንቲም አስጨበጥኳቸው።

በሁዳዴ ክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ የብዙ ከተማ ውሾች ሽሮ ትራፊ ላይ ይወድቃሉ፤ ፕሮቲኑም ያንሳቸዋል፣ ሽንኩርቱም ይበዛባቸዋል። በጾሙ ዓሣ የሚበሉም ስላሉ በሐይቁ ዳር ግን የዓሣው ገበያ አይቀዘቅዝም፤ አጽሙም አይጠፋም። ጥሬውን መስጠት ግን አይገባም። ካርፕን የመሳሰሉ ዓሦች በጥሬያቸው ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ኢንዛይም አላቸው፤ እሳት ያጠፋዋል። ጭንቅላቱንና አጽሙን በትንሽ ውሃ ለረጅም ሰዓት ቀቅዬ ሥጋውን በጣቴ ፈልፍዬ ለየሁት፤ መረቁን አጠለልኩት፤ እሾሁን ጣልኩት። ቂንጬው በመረቁ ሲበስል ሽታው ብቻ ዳማን ከመኪናው አወረዳት።

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል

ከዓሣ ገበያው ብዙም ሳልርቅ የአንድ ግቢ ጥበቃ ዳማን አይቶ ጠራኝ። ጠባቂ የሚሆን የጀርመን ሸፐርድ ቡችላ አለው፤ አሠሪው ያመጡት ነው። ወንድ፣ ገና አምስት ወር። የፊት እግሮቹ ወደ ውጭ ጎብጠዋል፤ ሲነሳ ያቃስታል። "ወንድሜ፣ ምንድን ነው የሚበላው?" አልኩት።

"ጥሩ ነገር ነው የሚበላው" አለ በኩራት። "አሠሪዬ አይሳሱም። ንጹህ ሥጋ ብቻ፣ በቀን አንድ ኪሎ ተኩል።"

አዘንኩ። በሁለቱም በኩል ፍቅር አለ፤ ቡችላው ግን እየተጎዳ ነው። በቀይ ሥጋ ውስጥ ፎስፎረስ ብዙ፣ ካልሲየም ጥቂት ነው። ሰውነቱ የጎደለውን ካልሲየም ከገዛ አጥንቱ እየቆረሰ ይወስዳል፤ አጥንቱ ይሳሳል፣ ክብደቱን መሸከም ያቅተዋል። ጥበቃው ወዲያው የካልሲየም ሽሮፕ ገዝቶ ሊያጠጣው ፈለገ። ትልቅ ዝርያ ቡችላ ላይ ካልሲየም ሲበዛም አጥንት እንደሚበላሽ ነገርኩት፤ እንደ ዳማ ላደገ ውሻ የሚሆነው የቅርፊት ልክ ለእሱ በግምት አይሰጥም። ሐኪም ማየት አለበት፤ እስከዚያ ድረስ ደረጃ እንዳይወጣ፣ እንዳይዘል፣ ሥጋው ቀስ በቀስ ለትልቅ ዝርያ ቡችላ በተሠራ ሙሉ ምግብ ይተካ።

"እሱማ ውድ ነው" አለኝ።

ወረቀት አወጣንና በግንቡ ላይ ዘርግተን አሰላን። ከሥጋ አራት እጅ ሦስቱ ገደማ ውሃ ነው፤ ደረቁ ምግብ ውስጥ ግን ውሃው አሥር በመቶ ያህል ነው። አንድ ኪሎ ተኩል ሥጋ የሚሰጠውን ጉልበት የሚሰጠው ደረቅ ምግብ ከ700 ግራም ብዙ አይበልጥም። እሱ የሥጋውን የኪሎ ዋጋ ያውቃል፤ እኔ የቦሌውን የከረጢት ዋጋ ጽፌው ነበር። አባዝተን አካፍለን ስናይ የቀኑ ወጪ ከሥጋው አነሰ። ጥበቃው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ደጋግሞ አየና ስልኩን አውጥቶ ለአሠሪው ደወለላቸው፤ መጀመሪያ የነገራቸው ስለ ገንዘቡ ሳይሆን ስለ ቡችላው እግር ነበር።