የሲቲ ሬዲዮን

ሁሌ የናንተን ታሪክ እያነበብኩ ዝም ብዬ አልፍ ነበር፣ ዛሬ የኔንም ልጻፍ ብያለሁ። ከረዘመ ይቅርታ፣ ሥራ ጨርሼ በሌሊት ነው የምጽፈው።

ስለ ማዳም ክፋት አይደለም፣ እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለ አንድ አሮጌ ሬዲዮ ነው።

ጂዳ የገባሁት በ2005 መስከረም ላይ ነው፣ በኮንትራት። ገና ቤት እንደገባሁ ማዳም ስልኬን ተቀበለችኝ። «ስልክ የያዘች ሥራ አትሠራም» አለች። በሁለት ወር አንዴ፣ እሷ አጠገቤ ቆማ፣ ከእማዬ ጋር ለ5 ደቂቃ ታገናኘኛለች። ሥራዬ ቤት ማጽዳት ነው፣ ከዚያ በላይ ግን የባልየውን እናት መያዝ ነበር። ልጆቹ «ሲቲ» ይሏታል፣ በጂዳዎች አነጋገር አያቴ ማለት ነው። እኔም ሲቲ አልኳት። እግሯ አይሄድም፣ ስኳር አለባት፣ ምላሷ ግን ጤነኛ ነበር። አላህ ይርሐማት።

አልጋዋ ራስጌ ሬዲዮ አላት። የድንጋይ ክዳኑ ወልቆ በላስቲክ የታሰረ፣ የድምፅ መጨመሪያው በጥርስ የተነከሰ የሚመስል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን አባዬ ትዝ አለኝና እንባዬ መጣ። እኛ ወሎ፣ አባዬም እንዲህ ያለ ሬዲዮን ነበረው። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሰጣውና ማታ መልሶ ያስገባዋል። የጀርመን ድምፅ ሲጀምር ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይላል፣ የሚያለቅስ ሕፃን እንኳ ይዘው ይወጣሉ። የጀርመኖቹ የአማርኛ ፕሮግራም በ1957 ነው የተጀመረው፣ አባዬ ከሱ ጋር አብሮ ያደገ ነው ማለት ይቻላል። ሲቲ ስታለቅስ ያየችኝ ጊዜ ምን እንደሆንኩ አልጠየቀችም፣ ድምፁን ጨመረችልኝ እንጂ።

ዐረብኛ ያስተማረኝ ያ ሬዲዮ ነው። በኤጀንሲ «ታዓሊ፣ ሩሒ» ብቻ ተምሬ ነው የመጣሁት። ሲቲ ዜናውን ትሰማና ቀስ ብላ በቀላል ቃል ትደግምልኛለች፣ ካልገባኝ በእጇ ታሳየኛለች። ማዳም በር ላይ ስትደርስ «ልብሴን እያጠፈች ነው» ትላለች። ውሸቷን እወድላት ነበር።

ሲቲ የተወለደችው በለድ ውስጥ፣ ሐረት አል-ሻም ነው፣ እነዚያ የእንጨት መስኮት ያላቸው ረጃጅም አሮጌ ቤቶች ያሉበት። ጂዳ ሬዲዮ ሲጀምር የ8 ዓመት ልጅ ነበረች። ሺህ ጊዜ ነው የነገረችኝ። የዐረፋ ቀን ነው፣ ሐጃጆቹ ተራራው ላይ ቆመዋል። አንድ ነጋዴ ጎረቤታቸው ሬዲዮውን መስኮት ላይ አውጥቶ አስቀመጠው፣ የሰፈሩ ሕዝብ ከሥር ተሰበሰበ፣ ንጉሥ አብዱልአዚዝ ለሐጃጆች ያስተላለፉት መልእክት ተሰማ። «ሳጥን ውስጥ ሰው ያለ መስሎኝ ከኋላ ዞሬ አየሁ» ትልና ትስቃለች። በኋላ ስልኬ እጄ ሲገባ ፈልጌ አነበብኩ፣ እውነቷን ነው፤ በሒጅራ 1368፣ በፈረንጅ 1949 ነው። የሳዑዲ የመጀመሪያው ሬዲዮ ያ ነው። የሪያዱ የመጣው ከ15 ዓመት ገደማ በኋላ ነው፣ ሲቲም ይህን ስትናገር አገጯን ከፍ ታደርጋለች። የጂዳ ሰው ሪያድን መቅደም ደስ ይለዋል፣ ያያችሁ ታውቃላችሁ።

መጀመሪያ ላይ ዘፈን አልነበረበትም፣ ቁርአን፣ ዜና፣ ምክር ነው። የሴት ድምፅ የተሰማበት ደግሞ በፈረንጆቹ 60ዎቹ ነው፣ ያኔም ብዙ ሰው ተቆጥቷል። የሲቲ አባት አንዷ ሴት ስትናገር ሰምተው ሬዲዮውን ዘግተው ወጡ። እናቷ ወዲያው መልሳ ከፈተችው።

ዘፈኑ ሲገባ ጠላል መዳሕ መጣ። እህቶቼ፣ ሲቲ ይህን ሰው እንዴት እንደምትወደው! የመካ ልጅ ነው፣ በፈረንጅ 1940 የተወለደ፣ ዑድ የሚመታ፣ ሕዝቡ «የምድር ድምፅ» ይለዋል። የሞተው በፈረንጅ 2000 ነሐሴ፣ አብሃ ከተማ ላይ መድረክ ላይ እየዘፈነ ነው፣ ዑዱን እንደያዘ። ሲቲ በቴሌቪዥን እያየችው ነበር። «ከዚያ ቀን ወዲህ ዘፈን በቴሌቪዥን አላይም፣ በሬዲዮ ብቻ ነው፣ በሬዲዮ ሰው አይወድቅም» አለችኝ። ዘፈኑ ሲመጣ ዓይኗን ጨፍና ጣቷን አልጋው ላይ ትመታለች፣ ልክ እናቴ የመንዙማ ካሴት ስትሰማ እንደምታደርገው። ቋንቋው ሌላ፣ ጣቱ አንድ።

በዚያ ዓመት ረመዳን መካ ወሰዱን፣ ዐዚዚያ እህቷ ቤት። ከጂዳ 80 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ እሷ ግን ሬዲዮውን እንደ ሕፃን ታቅፋ ነው የሄደችው። ሐረም ውስጥ ግንባታ ነበር፣ በወንበር የሚገፉ ሰዎች የሚዞሩበት ጊዜያዊ ድልድይ ተሠርቷል። እየገፋኋት ዞርን። እኔ የድሃ ልጅ ካዕባን በዓይኔ ማየቴ ለዚያች አሮጊት ምስጋና ነው። ደክሟት መሄድ ባልቻለችበት ማታ ደግሞ የቁርአን ሬዲዮውን ከፍታ ተራዊሑን ትከታተላለች። መስኮቱን ከከፈትነው የሰፈሩ መስጊድ ድምፅ ይገባል፣ ከሬዲዮው ጋር ይደባለቃል፣ ሁለቱንም አትዘጋም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

እህቴ ሪያድ ነበረች። 7 ወር ደሞዝ ሲከለክሏት ከኮንትራት ቤቷ ጠፍታ ወጥታ መንፉሐ ከሐበሾች ጋር ትኖር ነበር፣ ያለ ኢቃማ። ያን ጊዜ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። የምሕረቱ ጊዜ ጥቅምት 24 ቀን 2006 አለቀ። ከዚያ ጥቅምት 30 ቅዳሜ መንፉሐ ላይ የሆነው ሆነ። እኔ ስልክ የለኝም፣ ከቤት አልወጣም፣ ምንም አላውቅም። በማግስቱ የሲቲን እግር እያሸሁ ሬዲዮው ዜና ያወራል። «መንፉሐ» የሚለውን ሰማሁ። «ሐበሻ» የሚለውን ሰማሁ። ዐረብኛ ባልተማርኩ ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቅባቱ ከእጄ ወደቀ። ሲቲ አየችኝ። «ማነው እዚያ ያለሽ?» አለች። «ኡኽቲ» አልኳት፣ ሌላ ቃል አልወጣኝም።

ልጇን ጠራችው። «የልጅቷን ስልክ መልሱ» አለችው። እሱ ሚስቱን አየ፣ ሚስቱ ኮርኒሱን አየች። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ሲሉ ሲቲ እጇን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተች። «ስልኳ ካልመጣ የኢንሱሊን መርፌዬን አልወጋም።» እነሱ የቀለደች መስሏቸዋል። ምሳ አለፈ፣ ዐስር ተሰገደ፣ እምቢ አለች። እኔ ራሴ እግሯ ሥር ወድቄ ለመንኳት፣ አንቺ ብትሞቺ ማን አለኝ ብዬ። መግሪብ ላይ ማዳም ስልኩን አምጥታ አልጋው ላይ ወረወረችው። ቻርጁ ሞቶ ነበር።

እማዬ ጋ ደወልኩ። እህቴ አልደወለችም። ለ11 ቀን አልደወለችም። በእነዚያ ሌሊቶች ሲቲ ሬዲዮውን አላጠፋችም። ጠላል መዳሕ ሲመጣ እንኳ ጣቷ አይንቀሳቀስም፣ የሰዓቱን ዜና ነው የምትጠብቀው። ስሰማ ስሰማ እንቅልፍ ከወሰደኝ ትቀሰቅሰኛለች፣ ዜናው ባዶ ከሆነ አትቀሰቅሰኝም።

በ12ኛው ቀን እህቴ በሰው ስልክ ደወለች፣ ከቦሌ። መጠለያ ውስጥ መሬት ላይ ተኝታ ከርማ፣ ከለበሰችው ልብስ ሌላ ምንም ሳትይዝ ተጭና ገብታለች። ከ160 ሺህ በላይ ሰው ነው በዚያ ሰሞን የተመለሰው፣ ከነሱ አንዷ የኔ እህት ናት። ስልኩን ለሲቲ ሰጠኋት። ሁለቱ ምን እንደተባባሉ አላውቅም፣ እህቴ ዐረብኛዋ ከኔ ይሻላል። ሲቲ «ሐምዱሊላህ፣ ሐምዱሊላህ» ብቻ ነው የምትለው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተች። ዕቃዋን ሲያወጡ ሬዲዮውን ቆሻሻ ከረጢት ውስጥ አየሁት። ልጇን ለመንኩት፣ ውሰጂው አለኝ። የዚያን ቤት ኮንትራት ጨርሼ አሁን ሌላ ቤት ነኝ፣ ስልክም አለኝ፣ ሸገርን በኢንተርኔት እሰማለሁ። እህቴ አገሯ አግብታ ወልዳለች። ያ ሬዲዮ ግን ትራሴ አጠገብ ነው። ትናንት ድንጋዩን ቀየርኩለት። ላስቲኩን አልነካሁትም፣ ሲቲ እንዳሰረችው ነው።

በሉ እህቶቼ፣ ፈጅር ሊል ነው፣ ልጆቹን ለትምህርት ቤት ላስነሳ።