ሣርና ከሰል

ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ያለው የአዊ ምድር የፈረስ አገር ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በእንጅባራ የሚያደርጉት በዓል ይህን ይመሰክራል። ፈረሱን ያቆመው ግን ሣሩ ነው፤ አፈሩንም የያዘው የሣሩ ሥር ነው። ከብት ያለ ዕረፍት የሚረግጠው የወል መስክ ይራቆታል፤ የክረምቱም ጎርፍ ቀዩን አፈር ጠርጎ ወደ ዓባይ ያወርደዋል።

በሁለቱ ከተሞች መካከል በሚገኘው በፋግታ ለኮማ ወረዳ ከመሬቱ የሚወጣው ነዳጅ የእንጨት ከሰል ነው። ገበሬው ጤፍ በዘራበት ማሳ ዲከረንስ የተባለውን ግራር ይተክላል፤ በአራት ወይም በአምስት ዓመት ቈርጦ ያከስላል፤ ከዚያም መልሶ ጤፍ ይዘራል። ዛፉ ተዳፋቱን ከጎርፍ ጠብቋል፤ ለደከመው አፈር ናይትሮጅን ሰጥቷል፤ ለገበሬውም ገንዘብ አስገኝቷል። ነገር ግን ዛፉ በተስፋፋ መጠን ግጦሹ ጠበበ፤ በቀረውም መስክ ላይ የከብቱ ብዛት ከበደ። በቅርብ ዓመታት የዋግ በሽታ ዛፉን በመታው ጊዜም፥ በአንድ ተክል ብቻ መታመን እንደማይገባ ታየ።

እንግዲህ የተተከለውን ችግኝ ቍጥር በመዝገብ ስናሰፍር፥ ከከብት ተከልሎ ያረፈውንም መስክ አብረን እንቍጠር፤ ሣርን አጭዶ ማብላትንም እናስተምር። መስኩ ካለቀ ፈረሱም አፈሩም አይቀሩልንምና።