በትንፋሽ የሚነገር እሺታ

ከደጋው ወደ ጋምቤላ የወረድን ሰዎች፣ ባልንጀራችን ሲያወጋን አየሩን በድንገት ወደ ውስጥ ስበን «አዎን፣ ሰምቻለሁ» ማለታችንን፣ ከልጅነታችን ጀምሮ የተዋሐደን ልማድ ስለ ሆነ፣ ከቶ አናስተውለውም። እንግሊዞች «ጋስፕ» የሚሏት ይህች አጭር ትንፋሽ ግን በእነርሱ ዘንድ የድንጋጤና የአድናቆት፣ አየር ያጠረው ሕመምተኛና በጣዕረ ሞት ያለ ሰው ምልክት ናት እንጂ የእሺታ አይደለችም፤ በሰሜን ስዊድን ግን ሰዎች እንደ እኛው አዎንታቸውን ወደ ውስጥ በመተንፈስ ይገልጻሉ።

በባሮ ዳር በተቆረቆረችው በዚህች ቆላማ ከተማ አኙዋኩ፣ ኑዌሩ፣ ማጃንጉ፣ ኦፖውና ኮሞው ከደገኛው ጋር በአንድ ገበያ ይውላሉ፤ የክልሉም የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ትንፋሽ በኑዌሮች ዘንድ የከበረ ነገር ነው፤ በቋንቋቸው ትንፋሽ የተቀላቀለበት አናባቢ ካልተቀላቀለበት ተለይቶ የቃልን ፍች ይለውጣል፤ ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅም እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ስለ ኑዌር ሃይማኖት በሚናገር መጽሐፉ፣ ሰው በእነርሱ አስተሳሰብ ሥጋ፣ እስትንፋስና ነፍስ ያለው ፍጡር መሆኑን ጽፏል። አዳም እስትንፋሰ ሕይወት እፍ ተብሎበት ሕያው ነፍስ ሆነ ብለን ለምናምን ለእኛም ይህ አሳብ እንግዳ አይደለም።

እንግዲህ ትንፋሽ በሁላችን ዘንድ ይህን ያህል ክብር ካላት፣ በእርሷ የሰጠነው እሺታ ለሰሚው ግልጽ እንዲሆን መጠንቀቅ ይገባናል። አማርኛን በጉልምስናው የተማረ አንድ ሽማግሌ ከገጠር ወደ መሥሪያ ቤት መጥቶ ጉዳዩን ሲያስረዳ፣ ጸሓፊው አንገቱን በወረቀቱ ላይ እንደ ደፋ ትንፋሹን ብቻ ቢስብለት፣ ሽማግሌው ጉዳዬ ተፈጸመልኝ ይበል ወይስ ሰውየውን አስደነገጥሁት ይበል? በጤና ጣቢያም የአንዲት እናት ፈጣን ትንፋሽ የአዎንታ መልስ ይሁን የደረት ሕመም፣ መርማሪው ደግሞ ካልጠየቀ በምን ይለየዋል?

ስለዚህ በመሥሪያ ቤት፣ በችሎትና በጤና ጣቢያ የምታገለግሉ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ይህች የእናቶቻችን ውርስ ትቅር አልልም፤ ነገር ግን ከትንፋሹ በኋላ ቃሉን ጨምሩበት፣ ቢቻላችሁም በባለጉዳዩ ቋንቋ «አዎን» ማለትን ተማሩ፤ ሕዝብን የሚያገለግል ሰው እሺታውን በግልጽ የመናገር ዕዳ አለበትና።