ዕቅድና ክትትል

የሕክምና ተማሪዎች ሆነን ሳለ ስለ ንግድ ድርጅት አመራር መጻፋችን የሚያስገርማቸው ወንድሞችና እህቶች አይጠፉም። ሆኖም በበሽተኛው አልጋ አጠገብ የምንማረው ሥርዓት፣ ይኸውም መመርመር፣ ማከምና መከታተል፣ ከድርጅት አመራር እምብዛም አይርቅም።

ለዚህ ምስክራችን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 የመጀመሪያ በረራውን ወደዚህችው ካይሮ ያደረገው ድርጅት፣ በ2010 «ራዕይ 2025» የተባለ የ15 ዓመት ዕቅድ ነደፈ። በዚህም ጭነትን፣ ጥገናንና የአቪዬሽን ትምህርትን ራሳቸውን የቻሉ የሥራ ዘርፎች አድርጎ አደራጀ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ መንገደኛውን ሲያስቀር፣ ከመንገደኛ አውሮፕላኖች ወንበር እያወጣ ለጭነት አዋላቸው። የጭነቱን ሥራ አስቀድሞ ባያደራጅ ኖሮ ይህ ባልሆነለትም ነበር።

የእኛስ? ማኅበራችን በየዓመቱ በጉባኤ ዕቅድ ያጸድቃል፤ ስንቱ እንደተፈጸመ የሚጠይቅ ግን የለም። ክትትል የሌለው ዕቅድ በበሽተኛው ኪስ እንደቀረ የመድኃኒት ማዘዣ ነው። ነገ አገራችን ገብተን ስንሠራም፣ መድኃኒት ባለቀበት ሆስፒታል የሐኪሙ ዕውቀት ብቻውን በሽተኛውን አያድነውም። ልምዱን ከዚሁ እንጀምር። በመጪው ጉባኤ ለእያንዳንዱ ዕቅድ ኃላፊ ይሰየምለት፣ ቀንም ይቆረጥለት፤ በየሦስት ወሩም ይመርመር እንላለን።