በምድጃ አጠገብ የሚደረግ ጸሎት

እግዚአብሔር በሁሉ ቦታ አለ ብሎ በአፍ መመስከር ለማንም አይከብድም። ነገር ግን ሰው ሥራ በበዛበት ሰዓት በር የሚያንኳኳ፣ ጕዳዩንም ደጋግሞ የሚናገር ባልንጀራ በመጣበት ጊዜ፣ ያ የመሰከረው ቃል ወዴት እንደ ሄደ አይታወቅም። ለጸሎት የቆመውም ቢሆን፣ ሲጠሩት ከእግዚአብሔር ፊት ያራቁት መስሎት ይቈጣል። እንግዲህ የሚመረመረው ነገር ይህ ነው፤ በሩን የሚመታው ሰው ከእግዚአብሔር የሚለይ ነውን፣ ወይስ ወደ እግዚአብሔር የሚያደርስ?

ይህን ጥያቄ በክርክር ሳይሆን በኑሮ ከመለሱት የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ልጆች አንዱ ወንድም ሎራን ዘትንሣኤ ነው። የዓለም ስሙ ኒኮላ ኤርማን ሲሆን፣ በአሥራ ሰባተኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ በሎሬን አገር ተወለደ። በ18 ዓመቱ በብርድ ወራት ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ አየ፤ ጥቂት ቆይቶ ዳግመኛ እንደሚለመልምና እንደሚያፈራ ባሰበ ጊዜ የእግዚአብሔር መግቦት በልቡ ታተመ። ወታደር ሆኖ ቈሰለ፤ ከዚያም በአሽከርነት ሲያገለግል ዕቃ ሁሉ የሚሰብር፣ እጁ የማይቀና ሰው እንደ ነበረ ራሱ ተናግሯል። በኋላ በፓሪስ ከተማ ወደ ቀርሜሎስ መነኮሳት ማኅበር ገብቶ ክህነት የሌለው ወንድም ሆነ፤ ሥራውም ወጥ ቤት ሆነ።

ወጥ ቤት ግን በተፈጥሮው የሚጠላው ሥራ ነበረ። ከዚህም በላይ ዐሥር ዓመት ያህል ኀጢአቱን እያሰበ በነፍሱ ተጨነቀ። ጭንቀቱ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ቢቈይም እንኳ ስለ እግዚአብሔር ፍቅር ሊታገሠው በቈረጠ ጊዜ ሰላምን አገኘ። ዕንቍላል በመጥበሻ ላይ ሲገለብጥ፣ ከመሬት ገለባ ሲያነሣ፣ ለእግዚአብሔር ፍቅር ብሎ ያደርገው ነበረ። ወይን ጠጅ ሊገዛ ወደ ቡርጎኝ በተላከ ጊዜም እግሩ ስለማይረዳው በመርከቡ ውስጥ በበርሜሎቹ ላይ እየተንከባለለ ይሄድ ነበረ፤ ግዢውን ግን የእግዚአብሔር ጕዳይ ነው ብሎ ለእርሱ ተወለት፤ ሁሉም ተከናወነለት።

እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1666 ዓ.ም. ዮሴፍ ደ ቦፎር የሚባል ካህን ሊነጋገረው መጣ። የተማረው ካልተማረው ሊጠይቅ መምጣቱ ነው። ካህኑ የሰማውን ጻፈ፤ ሎራን በ1691 ዓ.ም. ከሞተ በኋላም ከደብዳቤዎቹ ጋራ አሳተመው። የነገሩም ፍሬ፣ የጸሎት ሰዓትና የሥራ ሰዓት በእርሱ ዘንድ አለመለያየታቸው ነው። ከእርሱ በፊት የዚያው ማኅበር አዳሽ ቅድስት ቴሬዛ ዘአቪላ (1515–1582) መነኰሳይያትን፣ መታዘዝ ወደ ወጥ ቤት ቢወስዳቸው ጌታ በድስቶቹ መካከል ከእነርሱ ጋራ እንዳለ አስተምራ ነበረች።

እንዲህ ከሆነ ሰዓት ጠብቆ መጸለይ ምን ይጠቅማል የሚል አይጠፋ ይሆናል። ሎራን ግን አለቃው ባዘዘው ሰዓት ለጸሎት ይለይ ነበረ። በመሠዊያ ፊት የተቀበለውን ጌታ በምድጃ አጠገብ ማጣት አልፈለገም እንጂ ምድጃውን በመሠዊያው ቦታ አልተካውም። በቅኔም ቤት ቢሆን ሰሙን የናቀ ተማሪ ወርቁን አያገኝም፤ ወርቁ የሚወጣው ሰሙን በትዕግሥት ለመረመረ ነው። እንዲሁ ደግሞ እንግዳውን፣ ድኻውን፣ ነገር የሚያበዛውን ሽማግሌ ስለ እግዚአብሔር ብሎ የሚገፋ ሰው የሚገፋው ማንን እንደ ሆነ ያስብ፤ ጌታ በፍርድ ቀን የሚጠይቀው ስለ ተራበውና ስለ ታረዘው ነውና።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ልማድ በአንድ ቀን አይገኝም። ሎራንም ሐሳቡ ሲባዝን ድካሙን ለእግዚአብሔር ተናግሮ፣ ራሱን በከንቱ ሳያስጨንቅ ወደ ሥራው ይመለስ ነበረ። በወጥ ቤት 15 ዓመት ያህል ካገለገለ በኋላ ጫማ ወደሚሰፋበት ክፍል ተዛወረ፤ በዚያም ተቀምጦ፣ ዕንቍላሉን በገለበጠበት ፍቅር የወንድሞቹን ነጠላ ጫማ ይጠግን ነበረ።