የዕረፍት ቀን አከፋፈል

ሰው ገንዘቡን ሲያወጣ ደጋግሞ ያስባል፤ ቀኑን ሲያወጣ ግን ብዙ ጊዜ አያስብም። የጠፋ ገንዘብ ሠርተውም ተበድረውም ይሞላል፤ ያለፈን ቀን የሚያበድር ባለጸጋ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ይህንን የማያውቅ የለም። ዳሩ ግን ማወቅ ሌላ፣ ባወቁት መኖር ሌላ ነውና የቀን አከፋፈል ነገር በቤት ውስጥ ሲነሣ ከምክር ይልቅ ጭቅጭቅ ያመጣል። በተለይም የዕረፍት ወራት ሲደርስ «ልጆችን ለማዝናናት ስንት ቀን ይበቃል? ለዘመድስ ስንት ቀን ይቀራል?» የሚለው ጥያቄ ቀላል መስሎ ከባድ ሆኖ ይገኛል።

እኛን ጉራጌዎችን ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ከነሐሴ ጀምሮ ደጃችንን ይመታል። ከመርካቶው ባለሱቅ አንሥቶ እስከ ሊስትሮው ድረስ፣ ሁሉም እንደ አቅሙ ለመስቀል አገሩ ለመግባት ይሰናዳል። ሙስሊም የሆነው ወገናችንም ለዐረፋ እንዲሁ ያደርጋል፤ በዓሉ በጨረቃ ስለሚቈጠር በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣበታል እንጂ የቀን ጭንቀቱ ከእኛው ጋር አንድ ነው።

ደመወዝተኛ የሆነ ሰው ቀኑ የተለካ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ዕረፍት ይሰጣል፤ ከዚያ ወዲያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ልጅ የታመመ ለታ፣ ጉዳይ የሚፈጸም ለታ እየተቈረሰ ለመስቀል የሚተርፈው ጥቂት ነው። ነጋዴውም ቢሆን አልተሻለውም፤ ሱቁ ሲዘጋ ገቢው ይቆማል፣ ኪራዩ ግን አይቆምም። ስለዚህ በእኛ ቤት አንድ ቀን ለማን ይሰጥ የሚለው ክርክር ዳቦ ለማን ይቈረስ ከሚለው አያንስም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ታናሽ ወንድሜ ከሚኖርበት ከዋሽንግተን ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ለመስቀል መጣ። የአውሮፕላኑ ጉዞ ሲቀነስ በእጁ የነበረው 12 ቀን ብቻ ነው። ወንድሜ ሥርዓት ወዳድ ነው። ባለፈው ዓመት ልጆቹን ወደ ፍሎሪዳ ወስዶ፣ በኦርላንዶ አጠገብ ያለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተውን ዲዝኒ ወርልድን አሳይቷቸው ነበር። ያ ሥፍራ ዛሬ አራት ትልልቅ ፓርኮች ስላሉት ብዙ ቤተ ሰብ ለእያንዳንዱ አንድ ቀን መድቦ፣ የትኛው ሰልፍ በየትኛው ሰዓት እንደሚያጥር ሳይቀር በወረቀት ጽፎ ይሄዳል። መግቢያው ውድ ስለሆነ እያንዳንዱ ሰዓት እንደ ወርቅ ይመዘናል። እንዲህ ማድረግ የሚነቀፍ አይደለም። ለመዝናኛ ተብሎ የተከለለ ሥፍራም የዛሬ ፈጠራ አይደለም፤ በኮፐንሃገን ያለው ቲቮሊ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1843 ነው።

ወንድሜ በመጣ ማታ «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ተመልከትልኝ» ብሎ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። በወረቀቱ ላይ ለአዲስ አበባ መዝናኛዎች 5 ቀን ተጽፏል፤ ለአንድነት ፓርክ፣ ለእንጦጦ ፓርክና ለወዳጅነት ፓርክ አንድ አንድ፣ ለቦራና ልጆቹ ለሚመርጡት ሁለት። ለላንጋኖ ሐይቅ 2 ቀን፣ ለገበያና ለወዳጅ 2 ቀን። ከዚያ በታች በትንንሽ ፊደል «ወልቂጤ፣ እማዬ፦ 2 ቀን፤ ቡታጅራ፣ እኅታችን፦ 1 ቀን» ይላል። ድምሩ ትክክል ነበር።

ፓርኮቹን ለማቃለል አልጽፍም። በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው አንድነት ፓርክ ዳግማዊ ምኒልክ በመሠረቱት ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ያለ በመሆኑ፣ ልጅ የግብሩን አዳራሽና ጥቁር ጋማ ያለውን አንበሳ በአንድ ቀን አይቶ ይመለሳል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክም ፈረስና ብስክሌት የሚጋለብበት፣ በባሕር ዛፍ መካከል ንጹሕ አየር የሚጠጣበት ነው፤ ምኒልክና ጣይቱ ወደ ፍልውኃ ወርደው አዲስ አበባን ከመቈርቈራቸው በፊት የተቀመጡት በዚያው ተራራ ላይ መሆኑን አባት ለልጁ ቢነግረው ጨዋታውና ትምህርቱ አብረው ይሄዳሉ።

ነገር ግን ፓርክ ሁሉ አንድ ጠባይ አለው። ለሚከፍል ሁሉ እኩል ይከፈታል፣ ያለውን ሁሉ አዘጋጅቶ ይጠብቃል፣ ማታ ሲዘጋ «መቼ ትመለሳለህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለውም። ስለዚህ ለፓርክ የሚያስፈልገው ቀን በሚታየው ነገር ብዛት ይቈጠራል። የዘመድ ቤት ግን በዚህ ሒሳብ አይገባም። ከሩቅ አገር የመጣ ልጅ በመጀመሪያው ቀን እንግዳ ነው፤ ይሳማል፣ ያፍራል፣ ከእናቱ ቀሚስ አይለይም። በሁለተኛው ቀን የአጎቱን ልጆች ስም ይለያል። በሦስተኛው ቀን ሳይጠራ ወደ ጓዳ ይገባል። እንግዲህ ሁለት ቀን ብቻ የተሰጠው ልጅ ሦስተኛውን ቀን ሳያየው ይመለሳል ማለት ነው።

ደግሞስ እናታችን ስንት ቀን አውጥታለች? በሰባት ቤት ጉራጌ መስቀል የአንድ ቀን በዓል አይደለም። እንደየአካባቢው ልዩነት ቢኖርም ከመስከረም 17 አስቀድሞ ቀናቱ በየስማቸው ይመጣሉ፤ ሴቶችና ልጆች የሚደሰቱበት፣ የጎመን ክትፎ የሚቀርብበት ደንጌሳት አለ፤ በ15 እርዱ የሚፈጸምበት ወኸመያ አለ፤ ዳመራው ይከተላል፤ ከዚያ በኋላ አማት መጠየቅና ዘመድ መዞር ነው። ለዚህ ሁሉ የሚሆነው ቅቤ ሴቶቹ ውጆ በሚሉት የቅቤ ዕቁብ ወር በወር ይጠራቀማል። የሚቈረጠው እንሰት ከተተከለ ብዙ ዓመት የቆየ ነው፤ ቆጮውም በጒድጓድ ተቀብሮ ጊዜውን ጠብቆ ይወጣል። በሬውንም ጎረቤት ተዋጥቶ ይገዛዋል። ስለዚህ ለእኛ ሦስት መቶ ስድሳ አምስት ቀን ያሰናዳችውን ሴት በሁለት ቀን ልንሸኛት ነው ማለት ነው።

ይህን ለወንድሜ ከመንገሬ በፊት ሌላ ሒሳብ አቀረብሁለት። «ወንድሜ፣ እማዬ 76 ዓመቷ ነው። አንተ የምትመጣው በየአራት ዓመቱ ነው። እግዚአብሔር ዐሥር ዓመት ቢጨምርላት ከዚህኛው ጋር ሦስት ጊዜ ታያታለህ። ሁለት ሁለት ቀን ከሆነ ስድስት ቀን ይሆናል። ከእናትህ ጋር የቀረህ ዕድሜ ስድስት ቀን ነው ማለት ነው» አልሁት። ወረቀቱን መልሶ ወሰደና ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ተመለከተው።

ሚስቱ ግን ብልኅ ሴት ናትና ዝም አላለችም። «ጋሼ፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን ልጆቹ ቋንቋውን አያውቁም፤ ሆዳቸውም ምግቡን አልለመደም። መብራትም ይጠፋል። ስድስትና ሰባት ቀን ምን ሲያደርጉ ይውላሉ? ተሰላችተው አገሩን ቢጠሉትስ?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ የእናት ጥያቄ ነው፤ በቁጣ የሚመለስ አይደለም። ልጅን በግድ ዘመድ አስወድዳለሁ ማለት የዘመድን ስም እንደ መድኃኒት መራራ ማድረግ ነው። ስለዚህ ለልጆቹ የሚሆነውን ቀን አስቀድመን ሰጠናቸው፤ መስከረም 11 አንድነት ፓርክ፣ 12 እንጦጦ። ላንጋኖ ቀረ። ከ13 እስከ 18 ለእናታችን፣ ከ19 እስከ 21 ለእኅታችን፣ 22 ደግሞ ባዶ ተተወ።

በዚያም አንድ ነገር ነበር፤ ልጆቹ ከጠበቁት ሁሉ የሚሰፋ መጫወቻ። የጉራጌን መንደር ያየ ሰው ጀፎረን ያውቃል። ጀፎረ ማለት በሁለት ረድፍ በተሠሩት ቤቶች መካከል የተዘረጋ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ መንገድም ነው፣ የሰርግና የለቅሶ አደባባይም ነው፣ የልጆች መጫወቻም ነው። ማንም አጥሮ አይወስደውም። በር የለውም፣ ከፍለው አይገቡበትም።

የሆነውን ሳላሳምር ልንገርህ። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱም ልጆች ከአባታቸው ስልክ ላይ ዐይናቸውን አላነሡም። በሁለተኛው ቀን ዝናብ ጥሎ ጭቃ ሆነ። በእርዱ ቀን ሴቲቱ ልጅ በሬው ሲወድቅ አይታ አለቀሰች፤ አያቷ ቋንቋዋን ባታውቅም ወደ ጓሮ ወስዳ፣ በእንሰቱ ጥላ ሥር ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ እስክትረጋጋ ጠጕሯን ስትደባብስ ቆየች። ከዚያ ወዲያ ልጅቱ ከአያቷ አልተለየችም፤ ጎመን ስትከትፍ አጠገቧ፣ ቆጮ ስትጋግር አጠገቧ። ወንዱ ልጅ በዳመራው ማታ ከመንደሩ ልጆች ጋር ችቦ ይዞ ሲሮጥ ጫማው ጠፋ፤ እስክንመለስ ድረስ አልፈለገውም። በ17 ሆዱን አመመውና ቀኑን ተኝቶ ዋለ። ቀኑ ሁለት ብቻ ቢሆን ኖሮ አገራችንን የሚያስታውሰው በጭቃና በልቅሶ ነበር።

በ19 ማለዳ ወደ ዓለም ገና ተመልሰን የቡታጅራን መንገድ ያዝን። ወልቂጤ በጅማ መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ 155 ኪሎ ሜትር፣ ቡታጅራ በደቡቡ መንገድ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ። ስለዚህ ሁለቱን የሚጠይቅ ሰው አንድ የመንገድ ቀን ይሠዋል። ዛሬ የሁለቱ ከተሞች አስተዳደር እንኳ ተለያይቷል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናቸው። የመንገዱን ቀን ግን በከንቱ አላሳለፍነውም። አዋሽን በመልካ ቁንጥሬ ተሻገርን፤ ጥንታዊ ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ የጠረቡበት ይህ ሥፍራ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዚያም በጢያ ወረድን። በ1972 ዓ.ም. የተመዘገቡትን 36 ትክል ድንጋዮች ልጆቹ አንድ በአንድ ቈጠሯቸው፤ ሰይፍ የተቀረጸባቸውንም ለይተው አሳዩን። ለዚያ ሁለት ሰዓት በቃ።

መኪናው ውስጥ ሳለን ስለዚሁ መንገድ ለልጆቹ ነገርኋቸው። በ1950ዎቹ ዓመታት ከዓለም ገና በቡታጅራ በኩል እስከ ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀውን መንገድ ለመሥራት በከተማ የሚኖሩ የጉራጌ ነጋዴዎችና ሠራተኞች ከሌላው ሕዝብ ጋር ማኅበር አቋቁመው ገንዘብ አዋጥተዋል፤ ከመሪዎቹም አንዱ ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ ነበሩ። ሰባት ቤትም ለራሱ መንገድ እንዲሁ ተደራጅቷል። እነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ባለጸጎች አልነበሩም። ወደ እናታቸው ቤት ሲሄዱ በመንገድ የሚያልቀውን ቀን ለማሳጠር ነው ከጉሮሯቸው ነጥቀው የከፈሉት። እኛ ዛሬ በጥቂት ሰዓት እንደርሳለን። እነርሱ ያተረፉልንን ቀን ምን እናደርግበታለን የሚለው የእኛ ፈንታ ነው።

ቡታጅራ ከዘቢዳር ተራራ ሥር ነው። እኅታችን ሦስቱን ቀን አንድ ጊዜም «ቸኰላችሁ» ሳትል አስተናገደችን፤ ጎረቤቶቿ ሙስሊሞች ስለሆኑ ቡናው ከቤት ወደ ቤት ይዞር ነበር። በዚያም ወንድሜ እኔ ያላሰብሁትን አሰበ። የእኅታችን ልጅ፣ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ የአጎቱ ልጆች ስለ አንበሳው ሲያወሩ ሰምቶ «እውነት ጋማው ጥቁር ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ወንድሜ አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ አስፈቅዶ ይዞት ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ባዶ የተተወው 22ኛው ቀን ለእርሱ ሆነ። ከዋሽንግተን የመጡት ልጆች ሁለተኛ ጊዜ አንድነት ፓርክ ገቡ፤ በዚህኛው ግን እነርሱ አስጐብኚዎች ሆነው በግማሽ አማርኛ ያስረዱት ነበር። ፓርክ በራሱ ክፉ አለመሆኑን፣ ነገሩ ከማን ጋር ነው መባል እንዳለበት ያን ቀን ተረዳሁ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አንተም ወረቀት አውጥተህ ቀንህን ስታካፍል ይህን ምክር ተቀበለኝ። የፓርኩን ስም ከመጻፍህ በፊት የሽማግሌዎችህን ዕድሜ በጎን ጻፍ። ተራራውም አንበሳውም የከርሞ ሰው ይበላቸዋል፤ ሽማግሌ ግን የከርሞ ቀጠሮ አይሰጥም። ለልጆችህ የሚገባቸውን የጨዋታ ቀን አትንፈጋቸው፤ አስቀድመህ ስጣቸው፣ የቀረውን በደስታ ይከተሉሃል። በዘመድ ቤት ከሦስት ቀን ያነሰ አትመድብ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለእፍረትና ለዝናብ የሚሄዱ ናቸው። በመጨረሻም አንዱን ቀን ምንም ሳትጽፍበት ተወው፤ የሚፈልገው ሰው መንገድ ላይ ይገኛል።