ውሃ ያልከበባት ደሴት

በ1998 ዓ.ም. የጂኦግራፊ መምህር ሆኜ ወደ ደባርቅ በተመደብሁ ጊዜ፣ ስለ ስሜን ተራራዎች የማውቀው ከመጻሕፍት ያነበብሁትን ያህል ብቻ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት በቆላ አገር ስለ ሆነ ዳባትን አልፈን ደባርቅ ስንደርስ የተቀበለኝ ብርድ እስከ ዛሬ ከአጥንቴ አልወጣም። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ደሴቶች የማስተምርበት ቀን ደረሰ። እኔም እንደ ልማዴ በሰሌዳው ላይ «ደሴት ማለት ዙሪያዋን በውሃ የተከበበች መሬት ናት» ብዬ ከጻፍሁ በኋላ፣ ለምሳሌ ይሆነኝ ዘንድ የማዳጋስካርን ነገር ማስረዳት ጀመርሁ።

ማዳጋስካር በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ የምትገኝ፣ ወደ 587,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ስፋት ያላት አገር መሆንዋን ተናገርሁ። በጥንት ዘመን ከአፍሪካ ምድር፣ ኋላም ከሕንድ ምድር ተገንጥላ ብቻዋን ከቀረች ወደ 88 ሚሊዮን ዓመት ስለ ሆናት፣ ሌሙር የተባለው እንስሳና ሌሎችም ብዙ ፍጥረቶች የተገኙት በእርስዋ ብቻ እንደ ሆነ ገለጽሁ። ሰዎችዋም ከፊሎቹ ከሩቅ ምሥራቅ በታንኳ ባሕር ተሻግረው፣ ከፊሎቹ ከአፍሪካ ጠረፍ መጥተው የተቀላቀሉ መሆናቸውን ጨመርሁ። ባሕር ያራርቃል፣ ያራራቀውንም ጠብቆ ያኖራል የሚለው የትምህርቴ መደምደሚያ ነበር።

በዚህ ጊዜ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አነሣ። ይህ ልጅ የግጭ ሰው ሲሆን፣ እንደ ብዙዎቹ የገጠር ተማሪዎች ሁሉ በከተማው ጠባብ ክፍል ተከራይቶ፣ ስንቁን ከቤቱ በጀርባው እያመላለሰ የሚማር ነበር። «መምህር» አለኝ፤ «እንዲህ ከሆነ ዋልያ ያለበት የእኛ አገር ምን ሊባል ነው? ዋልያም ከእኛ ዘንድ በቀር በዓለም ላይ የለም ይላሉ፤ ነገር ግን ውሃ አልከበበንም።»

ጓደኞቹ ሳቁ። እኔም «የእናንተ አገር ተራራ ነው እንጂ ደሴት አይደለም» ብዬ ሰሌዳውን አጠፋሁ። ዛሬ ይህን ጽሑፍ ለአንባብያን ለማቅረብ ያነሣሣኝ ያ መልሴ ስሕተት መሆኑን ቀስ በቀስ ስለ ተረዳሁ ነው።

የጥር ዕረፍት በደረሰ ጊዜ ልጁ ወደ አባቱ ቤት ይዞኝ ለመሄድ ፈቀደ። ከደባርቅ ተነሥተን በቡይት ራስ በኩል አድርገን ሳንቃ በር አደርን፤ በማግስቱም በበጋው ውሃው የቀጠነውን የጅንባርን ፏፏቴ አይተን ወደ ግጭ ወጣን። እኔ በየመቶ እርምጃው ለመተንፈስ ስቆም፣ ልጁ የእኔንም ዕቃ ጨምሮ ተሸክሞ ያፏጭ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጧት ገና ፀሐይ ሳትሞቅ ከገደሉ አፋፍ ላይ አቆመኝ። ከእግራችን በታች ቆላው በሙሉ በጭጋግ ተሸፍኖ ነጭ ባሕር መስሎአል፤ ከዚያም ውስጥ የአምባዎቹ ጫፍ ብቻ ብቅ ብቅ ብሎ ይታያል። ልጁ ምንም አልተናገረም፤ እኔም አልተናገርሁም፤ ግን ሁለታችንም የጥቅምቱን ትምህርት እያሰብን እንደ ነበር አልጠራጠርም።

እንደ እውነቱ ከሆነ ስሜንን ደሴት ያደረጋት ጭጋጉ አይደለም። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከምድር ሆድ የወጣ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ እየተነባበረና እየረጋ ይህን ታላቅ የድንጋይ ክምር ሠራ። ከዚያም ዝናብና ወንዝ ለብዙ ዘመን እየቦረቦሩ ሰሜናዊውን ወገን ገደል አደረጉት፤ በአንዳንድ ስፍራም ከአፋፉ እስከ ግርጌው ከአንድ ሺሕ ሜትር ይበልጣል። የአገራችን የመጨረሻው ከፍታ የሆነው ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ፣ ቧሒትም ከ4,400 ሜትር በላይ ይነሣሉ። በምሥራቅና በሰሜን በኩል ደግሞ የተከዜ ሸለቆ እንደ ምሽግ ጉድጓድ ይዞራቸዋል። እንግዲህ በብርድ መኖር ለለመደ ፍጥረት የተከዜ ሐሩር ከሞዛምቢክ ሰርጥ ምን ያንሳል? ዓሣ ያልሆነ ሁሉ ባሕርን መሻገር እንደሚቸግረው፣ የደጋ አውሬም ቆላን መሻገር ይቸግረዋል። ስለዚህ ለዋልያ ባሕሩ ሙቀት ነው።

የምድር አየር ከዛሬው ይልቅ እጅግ በቀዘቀዘበት ዘመን በስሜን ጫፎች ላይ የበረዶ ግግር እንደ ነበረ ድንጋዮቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። የዋልያ የቅርብ ዘመድ የሆነው የኑብያ ፍየል ዛሬ የሚኖረው በቀይ ባሕር ዳርቻ ተራሮች፣ በሲናና በዐረብ አገር ነው። የዋልያ አባቶች በቀዝቃዛው ዘመን ወደ ደቡብ ዘልቀው፣ ኋላ ምድር ስትሞቅ መመለሻው ተዘግቶባቸው በገደሉ ላይ ቀሩ ቢባል ነገሩ ለአእምሮ የቀረበ ነው። ዛሬም ቁጥራቸው በመቶዎች እንጂ በሺሕ አይነገርም።

ቀይ ቀበሮም ታሪኩ ከዚህ የራቀ አይደለም። እርሱ ከስሜን ሌላ በመንዝ ጓሳ፣ በወሎ፣ በአርሲና በባሌ ደጋዎች ይገኛል፤ ነገር ግን የአንዱ ደጋ ቀበሮ ከሌላው ደጋ ቀበሮ ጋር አይገናኝም፤ ሁሉም በየደሴቱ ተወስኖ ይኖራል። ጭላዳ ደግሞ ከዝንጀሮ ወገን ሁሉ ሣር ግጦ የሚኖረው እርሱ ብቻ ሲሆን፣ ሌሊቱን በገደል ጠርዝ አድሮ ጧት ወደ ሜዳው ይወጣል፤ አውራውም በደረቱ ላይ እንደ ፍም የቀላ ምልክት አለው። ስለ ጅብራም አንድ ቃል ልጨምር። ይህ ተክል በውርጩ ውስጥ ብዙ ዓመት ቆሞ ያድግና አንድ ጊዜ ብቻ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የአበባ ግንድ ያበቅላል፤ ዘሩንም ከበተነ በኋላ ይሞታል። የልጁ አባት የደረቀ ጅብራ አሳይተውኝ «ይህ ሥራውን ጨርሷል» አሉኝ።

የፍጥረቱን ነገር በዚህ ትተን ወደ ሰዎቹ ታሪክ ስንመለስ፣ ደሴትነቱ በዚያም ይታያል። የአክሱም ንጉሥ በአዱሊስ ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሕፈት ላይ ድል ካደረጋቸው ሕዝቦች መካከል ከተከዜ ማዶ በበረዷማ ተራሮች የሚኖሩትን የስሜን ሰዎች ጠቅሷቸዋል፤ ይህንንም በ6ኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ ገልብጦ አቆየልን። ከዚያ ወዲህ ቤተ እስራኤል በነዚሁ አምባዎች ላይ የራሳቸውን ገዦች አንግሠው ለብዙ ዘመን ኖረዋል። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ዘመቱባቸው፤ በ17ኛውም መቶ ዘመን ዐፄ ሱስንዮስ ያንን ግዛት ደመሰሱት። ወራሪ ፋሽስትም ቢሆን የስሜንን በር ጥቅም አላጣውም፤ በሊማሊሞ ገደል መንገድ ቀደደ፤ ከደባርቅ አጠገብ በወልቅፊትም መሽጎ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ እንኳ ወራት ቆይቶ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ቤት ታሪክ ነው። የስሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ለንግሥናቸው አስበው እንዳሠሩአት በሚነገርላት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ድል ያደረጓቸው ደጃዝማች ካሣ «ቴዎድሮስ» ተብለው በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀቡ። የውቤ ልጅ ጥሩወርቅም ኋላ የቴዎድሮስ ባለቤት ሆና ዓለማየሁን ወለደች። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ከወደቀ በኋላ እናቲቱ በመንገድ ላይ ሞተች፤ የሰባት ዓመቱ ሕፃን ግን ባሕር ተሻግሮ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። እነሆ ውሃ ያልከበባት የስሜን ደሴት ገዥ የልጅ ልጅ፣ ውሃ በከበባት ደሴት በ1872 ዓ.ም. ገና በ18 ዓመቱ በደረት ሕመም አረፈ፤ መቃብሩም እስከ ዛሬ በዊንድሰር ነው። የማዳጋስካርን ትምህርት ሳስተምር ባሕር ያራራቀውን ጠብቆ ያኖራል ብዬ ነበር። የዓለማየሁን ነገር ሳስብ ግን፣ ከሥሩ የተነቀለውን ጠብቆ የሚያኖር ደሴት እንደሌለ እረዳለሁ።

ይህን ያልሁበት ምክንያት አለኝ። ስሜን በ1962 ዓ.ም. በአዋጅ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ስፍራዎች አንዱ ሆነ። ዳሩ ግን የሰውና የከብት ቁጥር እየበዛ፣ እርሻው ወደ ገደሉ አፍ እየተጠጋ፣ ዋልያም እየሸሸ ስለ ሄደ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ። በጥር የጐበኘሁት የግጭ እርሻ በእርግጥ የሚያሳዝን ነበር፤ ገብሱ ቀጥ ባለ ዳገት ላይ ተዘርቶ፣ አፈሩ ታጥቦ ድንጋዩ አግጥጦ አይቻለሁ። ይህን ስናገር የልጁ አባት «እውነት ነው፤ ግን ገብስ የሚበቅለው በቆምንበት ነው» ብለው መለሱልኝ።

በ2008 ዓ.ም. የግጭ ነዋሪዎች፣ ከ400 በላይ የሆኑ አባወራዎች፣ መንደራቸውን ለቀው በደባርቅ ዙሪያ ሰፈሩ። በ2009 ዓ.ም. ስሜን ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ዜናውን በሰማሁ ጊዜ እንደ መምህር ደስ አለኝ፤ ወዲያው ግን እኒያን ሰው ፈልጌ ለማግኘት ወጣሁ። በቆርቆሮ ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ልጃቸው በዚያን ጊዜ ተመርቆ በሌላ አገር ሥራ ይዞ ነበር። «እንዴት ነው ኑሮው አባቴ?» ብዬ ብጠይቃቸው «አልሐምዱሊላህ፤ ሐኪሙ ቅርብ ነው፤ መብራትም አለ» አሉኝ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ግን ጧት ስነሣ የማየው የሰው ግድግዳ ነው» አሉ። እኔም መልስ አጣሁ። ለእርሳቸው የተሰጠው ካሣ የገብሱን ማሳ ይተካ እንደ ሆነ እንጂ የማለዳውን አፋፍ አይተካም። የዋልያው መኖር ለዓለም ሁሉ የሚጠቅም ሆኖ ሳለ፣ ዋጋው የተከፈለው ግን ከጥቂት ሰዎች ጓዳ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ነገር ባላይ ኖሮ ጽሑፌ በዚህ ባበቃ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በስሜን ተራራዎች ላይ እሳት ተነሥቶ የጓሳውን ሣርና የአስታውን ጫካ በላ። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል አገርም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ከዚያ በፊትና ከዚያ ጋር ግን በቅጠልና በአካፋ እሳቱን የታገለው የአገሩ ሰው ነበር። ከነዚህ መካከል እኒያ ሽማግሌ እንደሚገኙ የሰማሁት፣ ከተራራው ወርደው ፊታቸው ጥላሸት ሳይለቀው በገበያ ሳገኛቸው ነው። ያን ሁሉ ዳገት፣ ያውም የእርሳቸው መሆኑ ለቀረ መሬት፣ በዚያ ዕድሜ መውጣታቸው ገርሞኝ «አባቴ፣ ከእንግዲህ እርስዎን ምን አገባዎት?» ብላቸው ቅር ብሏቸው ተመለከቱኝ። «ታዲያ ማን ይሂድለት?» አሉ።

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ይዤው እኖራለሁ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባት ምድር ደርሶ ብዙ ቤት ለቅሶ በገባ ጊዜም ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ገደል ዋልያን ከነብር ያድነው ይሆናል፤ ከሰው ግን አያድነውም። ከሰው የሚያድነው ሌላ ሰው ነው፤ እርሱም ሌሊት ተነሥቶ ዳገት የሚወጣለት፣ ያገሬ ነው የሚለው ሰው ነው። ያን ሰው ከስፍራው ስናነሣው ፍቅሩን ጭምር እንዳንነቅለው፣ ከሚጠበቀውም ቅርስ በረከት ድርሻውን እንዳናስቀርበት መጠንቀቅ ይገባናል። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እንደ ተባለው፣ ከዋልያው ጋር አብሮ የኖረውን ጠባቂ እንደ ቀላል ነገር ቆጥረን ነበር።

እንግዲህ ያስተማርሁትን ማረም አለብኝ። ዛሬ ስለ ደሴቶች በማስተምርበት ቀን በሰሌዳው ላይ የቀድሞውን ትርጉም እጽፍና ከበታቹ ሁለት ጥያቄዎች እጨምራለሁ፤ ዙሪያዋን የከበባት ምንድን ነው? የሚጠብቃትስ ማን ነው? ለመጀመሪያው ጥያቄ ተማሪዎቼ ውሃ፣ ሙቀት፣ ገደል እያሉ በቶሎ ይመልሳሉ። ሁለተኛውን ስጠይቅ ክፍሉ ዝም ይላል፤ እኔም አላስቸኩላቸውም።